ሁለተኛው ዘንግና የአባታችን ዛፎች

እታለም ክሎዲን፣

በመላው ቬርሞንት ዛፍ በወረቀት ላይ ያናገረ ሰው ቢኖር እኔ ብቻ ነኝ። እሺ፣ መላው ቬርሞንት ይቅር፤ በእኛ መንገድ ላይ ግን የሚቀድመኝ የለም። ለመሆኑ እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? የአላስካ ብርድ ነው ወይስ የባልሽ ኩርፊያ የሚብሰው? እኔ ደህና ነኝ። ይህን ሁሉ በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት፤ የማታ አስተማሪዬ ወይዘሮ ፕሩዊት አንዲት ፊደል አልነካችም።

እንደምታውቂው ዘንድሮ የሜፕል ዛፎቻችን ከግንዳቸው የምንቀዳውን ጣፋጭ ውሃ ጥቂት ነው የሰጡን። ውሃው ተፈልቶ የሚወጣው ሽሮፕ ግማሽ በርሜል እንኳ አልሞላም። ወንድማችን ሉሲየን "አርጅተዋል፤ ክሎዲን እሺ ካለች ቆርጠን ለእንጨት እንሸጣቸዋለን" አለ። እኔም ያረጀኸው አንተ ነህ አልኩት። "አንተ ሰው፣ ማንበብ ከቻልክ ወዲህ አፍህ አላርፍ አለ" አለኝ።

ስለዚህ ዛፎቹ በእርግጥ አርጅተው እንደሆነ ለማየት በየዕለቱ የቀዳነውን ውሃ፣ እንዲሁም የሌሊቱና የቀኑ ሙቀት ምን ያህል እንደሚራራቅ በማታ ትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ በግራፍ አሰመርኩ። ውሃው በመቶዎች ጋሎን ተቆጥሮ ሰማይ ሲነካ፣ የሙቀቱ መስመር እንደ ሞተ እባብ ከታች ተጋደመ። ኢንተርኔት ላይ የማያውቀኝን ሕዝብ እርዱኝ አልኩ። አንዱ "ሰውዬ፣ ዝሆንና ጉንዳን በአንድ ሚዛን ትመዝናለህ?" ብሎ ሳቀብኝ። አንዲት ሴት ግን፣ ፊቷን ያላየሁ አገሯን የማላውቅ፣ "አይዞህ ወንድሜ፤ የግራው ዘንግ፣ ቁጥሩ የተደረደረበት ቋሚ መስመር፣ ለውሃው ይሁን፣ ለሙቀቱ በቀኝ በኩል የራሱን ዘንግ ስጠው" ብላ አንድ በአንድ አሳየችኝ።

እታለም፣ የተጋደመው መስመር ተነሣ። ከውሃው ጋር አብሮ ይወጣል፣ አብሮ ይወርዳል። ሌሊቱ በረዶ፣ ቀኑ ፀሐይ ሲሆን ዛፎቹ ሳይሰስቱ ሰጥተዋል፤ ያቆሙት አርጅተው አይደለም፣ ሌሊቱ መብረድ ስላቆመ ነው። አባባ ጉንጩን ለነፋስ ሰጥቶ "ነገ ውሃው ይወርዳል" ሲል የሚያየው ይህንኑ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ አጠገባቸው ቆሜ አላየሁትም።

ግራፉን ለሉሲየን ሰጠሁት። ብዙ አየውና መጋዙን ጎተራ ውስጥ መልሶ ሰቀለው። ላንቺም አንድ ቅጂ ልኬያለሁ።

ዊንስተንን ኩርፊያውን ሳይተው ሳሚልኝ። ለልጅሽ ለማርጎ ዛፏ ደህና ነው በያት። ያን አሮጌ ውሻም ጆሮውን እከኪልኝ።

ወንድምሽ አርማንድ
ሃርትዌል ኮረብታ፣ ቬርሞንት
ኤፕሪል 19

ከዚህ ሁሉ ከራሴ ፈጥሬ የጨመርኩት አንዲት ነገር ብቻ ናት። ሉሲየን መጋዙን አልሰቀለውም። ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ከቷል፤ መጋዙ ግን አሁንም በሩ ላይ ነው፣ ያንቺን ቃል ይጠብቃል።