ፕሬሷና የእምሩ ጣት

አራዳ፣ ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፱፻፸፰ ዓ.ም.

ለልጄ እናት፣

እንደምን ሰነበትሽ? እማማስ ትንሽ ተሻላቸው? እህል መቅመስ ጀመሩ? እኛ በሕይወት አለን። ደህና ነን ብዬ ልጽፍልሽ ግን እጄ እምቢ አለኝ።

የወርቅ ሥራ ከቀዘቀዘ ወዲህ ያኖረችን ያቺ ቆርቆሮ መጫኛ የእጅ ፕሬስ መሆኗን ታውቂያለሽ። እጀታዋን በሳብኩ ቁጥር አንድ ነገር ታወጣለች፦ በጨርቅ የተለበጠ ቁልፍ፣ የኩራዝ ክዳን፣ ለአብዮት በዓል የቀበሌው ባጅ። አንቺማ አይብ አጠለልሽባት፤ ስንት ቀን አኮረፍኩሽ! ሰሞኑን ደግሞ ከወተት ጣሳ የሻይ ማጥለያ ጀምሬ ነበር።

አንቺ በሄድሽ በሳምንቱ የልጃችን የእምሩ ስም ለብሔራዊ ውትድርና ወጣ። ያልጻፍኩልሽ እማማን ጥለሽ እንዳትመጪ ብዬ ነው። ሐሙስ ቀበሌ ቅረብ ተባለ። እሱ ቁጭ ብሎ ጫማውን ቀባ። እኔ ግን ከራስ መኮንን ድልድይ እስከ ምኒልክ አደባባይ ሦስት ቀን ወጣሁ ወረድኩ፤ የማውቀውን ሁሉ ለመንኩ። የሰማኝ የለም።

ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ቆርቆሮ ያዝልኝ ብዬ ጠራሁት። ወትሮ በጉጠት ነበር የሚይዝልኝ። ጉጠቱ ጠፍቷል፣ ዛሬ በእጅህ ያዝ አልኩትና እጀታዋን ሳብኩ። የቀኝ እጁ አመልካች ጣት ደቀቀች፤ ሐኪሙም ቆረጣት። ጩኸቱ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

ሐሙስ ዕለት የቀበሌው ጓድ ገዛኸኝ ፋሻውን አስፈትቶ አየና፣ ይኼ ቃታ በምኑ ሊስብ ነው ብሎ ስሙን ሰረዘ። ቀጥሎ እኔን ትክ ብሎ እያየ፣ አንተ እኮ በሃያ ዓመት አንድ ቀን ስተህ አታውቅም አለኝ። እርጅና ነው አልኩት።

የጎረቤታችን የተሾመች ልጅ መድኃኔ በዚያው ዕለት በመኪና ተጭኖ ሄደ። እናቱ ልትጠይቀን መጥታ የእምሩን ፋሻ ሳመችና ታድለህ ብላው አለቀሰች። እኔ ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

ለነፍስ አባቴ ምንም አልተናገርኩም። አንቺ ግን ፊቴን ስታዪ ሁሉንም ታውቂዋለሽ። የፈለግሽውን ፍረጂብኝ፤ ልጅሽ ግን አለልሽ።

እግዚአብሔር እማማን ይማርልሽ፣ አንቺንም በሰላም ለቤትሽ ያብቃሽ። አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ፦ ያወቅሽውን ለእሱ አትንገሪው። ቁስሉ እየጠዘጠዘው እንኳ፣ አባባ ስቶህ እኮ ነው፣ በቃ አትዘን እያለ እኔን ያጽናናኛል።

የልጅሽ አባት