በግራጫ ጨርቅ የተሸፈነችው የስፌት መኪና

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ አባቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ? ዕድሜ ልኩን ፔዳል ሲረግጥ የኖረው ቀኝ ጉልበትህስ አሁንም ብርድ ሲመጣ ያጉረመርማል? ዓይንህስ? እማዬ እንዴት ናት፣ ያ ሳል ለቀቃት? እኔ ከናንተ ናፍቆት በቀር ምንም አልጎደለኝም፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሠርቼ እውላለሁ፣ በልቼ አድራለሁ።

ዓይንህ ከደከመ ወዲህ ደብዳቤዬን የምታነብልህ ቁልፌ እንደሆነች አውቃለሁ። ስለዚህ አንቺም ሰላም ነሽ ወይ እህት ዓለም? ከአባባ ወንበር ሥር የወደቀ ቁልፍ ስትለቅሚ ያደግሽ፣ ስምሽም በዚያው የወጣልሽ ልጅ! አንድ ነገር ላስጠንቅቅሽ፤ ዛሬ የምጽፈው ስለ አንቺም ነውና ያሳፈረሽን መስመር እየዘለልሽ እንዳታነቢ። አባባ፣ ድምፅዋ ድንገት ከፈጠነ እየዘለለች ነው፤ አስቁማት።

ባለፈው ደብዳቤህ ቤት ያለችውን የስፌት መኪና ልትሸጣት እንደሆነ፣ ገዢውም በሚመጣው ወር ሊያያት እንደሚመጣ ነግረኸኝ ነበር። ሳነበው ክው አልኩ። አትሽጣት ልልህ ብዕር አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት፤ ለምን ብትለኝ የምሰጥህ መልስ አልነበረኝም። አሁን ግን አለኝ። ዙሪያ ጥምጥም ብሄድም ታገሠኝ፣ ነገሩ ከፋብሪካችን ይጀምራል።

የእኛ አዳራሽ የሱሪ ነው። አንዷ ኪስ ትሰፋለች፣ ሌላዋ ወገቡን ትይዛለች፣ እኔ ጠርዙን እዘመዝማለሁ። ከፊቴ የምትቀመጠው ልጅ ዚፕ ስለምትገጥም ዚፕ እንላታለን፤ አፏ ግን ተዘግቶ አያውቅም። እጇን ብታየው አባባ! በጠመኔ ሳታሰምር፣ መርፌ ሳትሰካ፣ እያወራች ቀጥ አድርጋ ትሰፋዋለች። አንተ ብታያት መነጽርህን አውልቀህ ጠርገህ እንደገና ታደርገው ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ዚፕ ወሬዋን መሐል ላይ ቆረጠችው። ቀና ስል ከወንበሯ ተንሸራታ ወለሉ ላይ ትንፈራገጣለች። ልክ እንደ ቁልፌ። እኔ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ወደ ምግብ ቤቱ በርሬ ማንኪያ አመጣሁ፣ በዚያው ከአንዱ ጫኝ እጅ ክብሪት ነጠቅኩ። ማንኪያውን በጥርሷ መሐል፣ የተለኮሰውን ክብሪት በአፍንጫዋ ሥር ላደርግላት፤ ቤታችን እንደምናውቀው። ከዚያም በላይ መኪናዋን አጥፉ፣ መኪናዋን አርቁ እያልኩ እጮሃለሁ። ጥፋተኛዋ መኪናዋ ናት ብዬ ነዋ።

ኪስ ሰፊዋ ግን ቀደመችኝ። መቀሱንና ወንበሩን ገፋ አደረገች፣ አንድ ሱሪ አጥፋ ከዚፕ ራስ ሥር አደረገች፣ ሰዓቷን አየት አድርጋ አጠገቧ ቁጭ አለች። አልያዘቻትም፣ አላናወጠቻትም። መንቀጥቀጡ ሲበርድ ቀስ ብላ በጎኗ አስተኛቻት። የክሊኒካችን ነርስ፣ ሲስተር የምንላት፣ ደርሳ ማንኪያዬን ከእጄ ወሰደችው። አልተቆጣችኝም። ሰው ምላሱን አይውጥም፣ ማንኪያው ግን ጥርስ ይሰብራል፣ ለማንኛውም ሮጠሽ መምጣትሽ ጥሩ ነው አለችኝ። በመጨረሻው ቃሏ አንጀቴን በላችው።

ዚፕ በማግስቱ ወንበሯ ላይ ነበረች። እንዴት አደርሽ ስላት መልስ ሳትሰጠኝ፣ በሌለሁበት እነዚህን ዚፖች ያጣመመብኝ ማነው ብላ መተርተር ጀመረች። እኛ ቤት ከወደቀች በኋላ መርፌ ቀርቶ ክር እንኳ ያልተሰጣት ልጅ ትዝ አለችኝ።

በዚያው ሳምንት ሲስተር በምሳ ሰዓት ሰበሰበችንና ሰሌዳው ላይ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ጻፈች፤ ሚስኮንሴፕሽን። የተማሩት የተሳሳተ ግንዛቤ ይሉታል። ሲስተር ግን ትርጉሙን ከመንገር በፊት አንድ ወግ አላት። ስለሚጥል በሽታ የምናምነውን ሁሉ እየተነሣን ጮክ ብለን እንድንናገር አደረገችን። የመጀመሪያዋ ተናጋሪ ራሷ ናት፤ ተማሪ ሳለሁ የወደቀን ሰው ጥርቅም አድርጎ መያዝ ይጠቅመዋል ብዬ አምን ነበር አለች። ከዚያ እያንዳንዳችንን ትጠይቃለች፤ ይህን ከማን ሰማሽው? ማንንስ ልታድኚበት ነው የያዝሽው? ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ ሌላ ቦታ ሰምቼው አላውቅም።

ተራዬ ሲደርስ ዓይኔን በጨው አጥቤ ተነሣሁና፣ በስፌት መኪና በተሞላ አዳራሽ መሐል፣ እህቴን የጣላት የስፌት መኪና ነው ብዬ አምናለሁ አልኩ። የመኪናዋ ጩኸትና የመንኮራኩሯ መሽከርከር ራሷን አዙሮት ነው፣ አባቴ እንደዚያ ብሏል፣ አባቴ ደግሞ መኪናን ከማንም በላይ ያውቃል አልኩ። ሳቅ እየጠበቅሁ ነበር። ቀድማ የተነሣችው ማን ትሆን፣ ዚፕ ናት። እኔ መጀመሪያ የወደቅሁት ገበያ ውስጥ ሽንኩርት ተሸክሜ ነው፤ እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ሽንኩርት የሚባል ነገር አላስገባችም፤ ወጣችንን አትጠይቁኝ፣ እኔም ግን መውደቄን አልተውኩም አለች። ያኔ ሁላችንም ሳቅን፣ እኔ ግን ስስቅ ስስቅ ዕንባዬ መጣ።

ሲስተር ያስረዳችን እንዲህ ነው። በሽታው የሚነሣው ከአንጎል ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ሰው የሚወድቀው በደረሰበት ነው፤ ቤተሰብ ግን መጀመሪያ የወደቀበትን ቦታ ጥፋተኛ ያደርገዋል። ቁልፌ ሁለተኛ ጊዜ የወደቀችው ከመኪናዋ ርቃ ማድ ቤት ውስጥ አልነበር? ያን ጊዜ ጩኸቱ በግድግዳ አልፎ ሰማችው ተባባልን እንጂ ምናልባት መኪናዋ አይደለችም ያለ ከመሐላችን አልነበረም። ይህን ለሲስተር ነገርኳት። ከዚያስ ምን አደረጋችሁ አለችኝ። አባቴ መኪናዋን ሸፈነ፣ ጤና ጣቢያም ኪኒን ጀመሩላት፣ ይኸው ከዚያ ወዲህ አልወደቀችም አልኳት። ፈገግ ብላ፣ ሁለቱን በአንድ ሳምንት ጀመራችሁና ምስጋናውን ጨርቁ ወሰደው አለችኝ። አባባ፣ ይህቺን ዓረፍተ ነገር ቁልፌ ሁለት ጊዜ ታንብብልህ።

ስለ ቃሉ ደግሞ ሳልነግርህ አልቀርም፣ አዲስ ቃል ያገኘ ሰው እንዴት እንደሚያደርገው ታውቃለህ። ማደሪያችን ውስጥ አበድን። እርጥብ ፀጉር ጉንፋን ያመጣል ያለችው ልጅ፣ ሚስኮንሴፕሽን! የመስመር ኃላፊያችን ዛሬ ደህና ቀን ያውለናል ያለችው፣ ሚስኮንሴፕሽን! እኔም አንዷን የማብሰል ተራ የኔ አይደለም ስትለኝ ያንቺ ሚስኮንሴፕሽን ነው ብዬ አሳበድኳት። ሲስተር ይህን ሰማችና ጠራችን። ቃሉን የሰጠኋችሁ ሰው እንድትወግሩበት አይደለም አለች። ሚስኮንሴፕሽን ውሸት አይደለም፤ ዋሾ እውነቱን እያወቀ ነው የሚናገረው። ባዶ አለማወቅም አይደለም፤ የማያውቅ ይጠይቃል፣ ይህ ግን አውቃለሁ ብሎ ያረፈ ነው። አጉል እምነት ብላችሁም አትዝለፉት፤ አብዛኛው ቅን ሰው በዓይኑ ካየው ነገር ተነሥቶ የደረሰበት ነው። ስለዚህ ያንቺ አይባልም፤ መሐላችን አንድ አለ ይባላል፣ አብረን እናየዋለን።

እኔ በልቤ የተረዳሁት በኛ ሙያ ነው። ልኩ ተሳስቶ ስፌቱ ያማረ ልብስ ማለት ነው። ጨርቁ ደህና፣ ክሩ ደህና፣ እጁም የተካነ፤ መጀመሪያ ላይ የተያዘው ልክ ብቻ ስቷል። እንዲህ ያለ ልብስ ሲመጣልህ ምን ታደርግ እንደነበር አልረሳሁም። ሰፊውን አትሰድበውም ነበር። በመስኮቱ በኩል ተቀምጠህ፣ ክሩን አንድ በአንድ እየተረተርክ፣ ጨርቁን ሳትቀድ ትፈታው ነበር። ከዚያ ባለቤቱን አቁመህ እንደገና ትለካዋለህ፤ ልክ የሚጀመረው ከትከሻ ነው እያልክ።

አባባ፣ አሁን የምልህን ብዙ ካመነታሁ በኋላ ነው የምልህ። አንተ የተሳሳትከው በፍቅር ነው። ቁልፌ መኪናዋ ላይ የወደቀች ቀን መተሩ አንገትህ ላይ እንዳለ፣ የሰው ልብስ መርፌው ሥር እንደተወጋ ትተህ፣ በክንድህ ታቅፈህ ጤና ጣቢያ ሮጥክ። ማድ ቤት በደገማት ጊዜ ደግሞ ለራስህ ካፖርት ብለህ ያስቀመጥከውን ያን ወፍራም ግራጫ ጨርቅ አውጥተህ መኪናዋን ጠቀለልካት። ካፖርቱ ቀረ። ቤትህ ተቀምጠህ መስፋት የምትችል ሰው፣ ድምፁን እንዳትሰማ ብለህ ብርዱን ችለህ የሰው በረንዳ ላይ በኪራይ መኪና ስትሰፋ ኖርክ። የዚያ ጉልበት ሕመም ከየት እንደመጣ የማላውቅ ይመስልሃል? ሲስተር ማንን ልታድኚበት ነው ስትለኝ ዓይኔ ላይ የመጣው አንተ ነህ። እንዳንተ ያለ አባት ስላለኝ እኮራለሁ፤ ይህን ፊት ለፊት ብነግርህ ወሬ ትለውጥብኝ ስለነበር በወረቀት ተናገርኩት።

ግን ልኩ ስቷል አባባ። መኪናዋ ልጅህን አልጣለቻትም። ያዳናትም ጨርቁ አይደለም፣ ኪኒኑ ነው። ልጅህ ደግሞ ሙሉ ሰው ሆና፣ በአንተ ቤት ተወልዳ፣ እጇ ሥራ ፈትቶ ግድግዳ ስታይ ትውላለች። መኪናዋ ከተሸጠች የሚሸጠው ብረት ብቻ አይደለም።

ስለዚህ እለምንሃለሁ፣ ገዢውን መልሰው። መጀመሪያ ከቁልፌ ጋር ጤና ጣቢያ ሂዱና ሐኪሟን መኪና ላይ ብትቀመጥስ ብላችሁ ጠይቁ፤ ኪኒኑን ደህና ሆንኩ ብላ በራሷ እንዳታቋርጥ። ካውያውን ለጊዜው አንተ ያዝ፤ ዚፕም ትኩስ ነገር አይሰጣትም። ከወደቀች ማንኪያውም ክብሪቱም ይቅር፤ ስለታሙን ማራቅ፣ ከራሷ ሥር ለስላሳ ነገር ማድረግ፣ በጎኗ ማስተኛት፣ እስክትነቃ አጠገቧ መሆን ነው። አምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳትነቃ ከደገማት ቶሎ ሐኪም ዘንድ ውሰዷት። አንተም መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ለማስገባት ጠዋቱ አይበቃህም አሉ፤ ይኸው ደህና ዓይን ያላት ልጅ አጠገብህ ቁጭ ብላ ትተክዛለች።

እማዬን ሳሙልኝ፤ ሳሉ ካልተዋት ነገ ዛሬ ሳትል ትታይ። ታላቅ ወንድሜን ሰላም በሉልኝ፣ ደብዳቤ መጻፍ እንደማይገድል ንገሩት። ለሚስቱና ለልጆቹ ሰላምታዬ ይድረስ። አክስቴን ጉንጯን፣ ሁለቱንም። በረንዳውን ላካፈለህ ለጎረቤታችን ጫማ ሰፊም ብዙ ምስጋና አድርስልኝ።

ቁልፌ፣ እዚህ ድረስ ሳትዘልዪ ካነበብሽ ጎበዝ ነሽ። አሁን ወረቀቱን አስቀምጪና ተነሺ። ግራጫውን ጨርቅ ከመኪናዋ ላይ ቀስ ብለሽ አንሺው፣ አቧራውን በደጅ አራግፊው። መጀመሪያ የምትሰፊው የአባባን ካፖርት ነው። መተሩ አንገቱ ላይ አለልሽ፤ ከትከሻው ጀምሪ። ዝም ብሎ ከቆመልሽ እሺ ብሏል።

አክባሪ ልጅህ፣ እህትሽም

ከፋብሪካው ማደሪያ፣ ከመስኮቱ አጠገብ ካለው አልጋ
ጥቅምት ፱ ቀን