ዓሣ የማይበላው ጿሚ

ይድረስ ሰመራ ላለው ልጄ፣

ሙቀቱ እንዴት አድርጎሃል? ጤናህስ? ለነገሩ ጤናህን መጠበቅ አንተ ታውቅበታለህ። እኛ አዋሽ ሰባት ኪሎ እንዳለን አለን። ሚስትህ በደህና ደርሳለች፤ ሆዷም ገፍቷል።

በስልክ ብነግርህ ትዘጋብኛለህ ብዬ ነው የጻፍኩት። በስተእርጅና ፊደል ያስቆጠረችኝ እህትህ የሻረግ፣ ዛሬ እጇ እየተንቀጠቀጠ እስክሪብቶ መያዝ አቅቷታል። ሁለት ጽንስ ከወረደባት በኋላ ባሏም ትቷት ሄደ። ሐኪሞቹ ምክንያቱን አላወቁላትም።

የዛሬ አራት ዓመት ፍልሰታን እኛ ጋ ልትጾም መጥተህ፣ ዓሣ አልበላም ያልከኝ ትዝ ይልሃል? ሰዉ በጾም ዓሣ ሲበላ ልጄ እሱንም ተወ ብዬ በባቡር ጣቢያው ሰፈር ያልነገርኩት የለም። የንስሐ አባታችን ሳይቀሩ፣ አንቺ መነኩሴ ነው የወለድሽው አሉኝ። ኮራሁ። ያንተንም ድርሻ ለየሻረግ ጨመርኩላት።

ባለፈው ሳምንት ሀምዳ የምትባል የመሥሪያ ቤትህ ልጅ ለምርመራ ዓሣ ልትወስድ ወደ ዓሣ መጥበሻዬ መጣች። እናትህ መሆኔን አላወቀችም። ጠብሼ ባቀርብላት ሳቀችና፣ ኧረ እማማ፣ እኛ መርማሪዎቹ ይህን አንቀምሰውም አለችኝ። ከላይ ከፋብሪካ ወደ አዋሽ ወንዝ በሚለቀቀው ፍሳሽ የተነሳ ዓሣው እርሳስና ሜርኩሪ እንዳለበት፣ ትልልቁ አምባዛ እንደሚብስ፣ ለነፍሰ ጡር ጨርሶ እንደማይሰጥ ነገረችኝ። ታዲያ ለምን ዝም አላችሁ ብላት፣ አለቃችን ሹመቴን አጣለሁ ብሎ ውጤቱን ይዞ ከተቀመጠ አራት ዓመት አለፈው አለች። ስሙንም ጠራችልኝ። ያንን ስም ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ለየሻረግ አልነገርኳትም። ዛሬም ጠዋት ለጿሚው ወንድሟ ስትጸልይ ሰማኋት።

ስለ ሚስትህ አትደንግጥ፤ እስከ ዛሬ ሽሮ ነው ያበላኋት። እሷ ግን ዓሣ አማረኝ ትላለች። ባሌ እዚያ ሄደሽ ዓሣ እንዳትበዪ ያለኝ ብቻዬን እንዳልጠግብ ቀንቶ ነው እያለች ትስቅብሃለች። ምክንያቱን አልነገርካትም። ብትነግራት፣ እናትህንና እህትህን ለምን አላስጠነቀቅህም ልትልህ ነዋ።

ለእሑድ ትልቅ አምባዛ አዝዣለሁ። መጥተህ፣ በማዕዱ ላይ፣ የሻረግ እየሰማች፣ ዓሣው ለምን እንደማይበላ ተናገር። መምጣት ከከበደህ ለሚስትህ ደውልላት፤ ስትጨርስ ስልኩን ለእህትህ አቀብላታለሁ። ዝም ካልክ ግን፣ ነፍሰ ጡር ያማራትን መንፈግ በእኛ ቤት ነውር እንደሆነ ታውቃለህ።

ይህን ደብዳቤ፣ ጭነቱን እዚያው አጠገብህ ሎጊያ የሚያራግፈው ሾፌር ካሊድ ነገ ያደርስልሃል።

ዕድሜ ይስጥህ፤ የሚወለደውን ታቅፈህ ለማየት ያብቃህ።

ዓሣ ጠብሳ ያስተማረችህ
እናትህ