ጀልባ ሠሪው ዳቦ ሲጋግር

ማክሰኞ፣ ጥር 13

የአምባቸውን ጀልባ ጎን ገጥሜ ጨረስሁ። ጥጡን በሬንጅ ነክሬ ስንጥቁን ሁሉ ጠቀጠቅሁት። ጠብታ አያስገባም። አምባቸው እንደ ልማዱ ዞር ዞር ብሎ አየና መቼ ነው የሚያልቀው አለኝ። ሲያልቅ አልሁት። ሐይቁ ጸጥ ብሎ ዋለ። ትንኙ ግን አላስቀመጠንም።

ቤት ስገባ ጦይባ የሻይ ብርጭቆ ጣለች። በዚህ ሳምንት ይኼ ስንተኛው ነው? አዳለጠኝ አለች። ከሚስቴ ጋር ስንኖር አርባ ዓመት ሊሞላን ነው፤ ብርጭቆ አያዳልጣትም። ቀኝ እጇን ሻርፗ ውስጥ ደብቃለች። ነገ ሐኪም ቤት እወስዳታለሁ። ብትወድም ባትወድም።

ረቡዕ፣ ጥር 14

አልወደደችም። ሄድን ግን።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፣ ትዕግሥተኛ። የእጇ አንጓ ውስጥ ያለው ጅማት አብጦ ነርቩን ተጭኖታል አለች። ፋሻ አሰረችላት። ልብስ መጭመቅ፣ ከባድ ማንሳት፣ ሊጥ መለወስ... ሁሉም ክልክል። እጁ ካላረፈ ጣቶቹ ደንዝዘው ይቀራሉ፣ ከዚያ ወዲያ መርፌ እንኳ አይዙም አለች። ጦይባ ሁሉንም እሺ፣ እሺ አለች። እሺታዋ በዛብኝ።

ባጃጅ ላይ ጠየቅኋት። የጁምዓው ዳቦስ?

"እሱማ ሌላ ነው" አለች።

ሌላ ነው! በምን በኩል ነው ሌላ የሆነው? ዓርብ ከሶላት መልስ የግቢያችን በር ይከፈታል። ጦይባ የጋገረችውን ዳቦ ለቁርአን ቤት ልጆች፣ ለጎረቤት፣ ለአላፊ አግዳሚው ትሰጣለች። እናቷ ትሰጥ ነበር፣ እሷም ትሰጣለች። እስላም ክርስቲያን ሳይባል ነው፤ ጎረቤታችን ወለላ በጾም ወራት እንኳ ድርሻዋ አይቀርባትም። ልጃችንን ናኢማን አርግዛ ሆዷ ከሳፋው ጋር እየተጋፋ ስትለውስ አይቻታለሁ። እንዲህ ያለችን ሴት ማን ያስተዋት?

ዓርብ፣ ጥር 16

ጋግራለች!

ለንጋቱ የሱብሒ ሶላት መስጊድ እስክሄድ ጠብቃ። ፋሻውን ፈትታ፣ ለውሳ፣ መልሳ አስራዋለች። ፋሻው ላይ የደረቀ ሊጥ አየሁ። ልጆቹ በልተው፣ መርቀው ሄዱ። አመሻሽ ላይ የቀሚሷን ቁልፍ መቆለፍ አቃታት። እኔ ቆለፍሁላት። ከዚያ ጮህሁባት። 

ፈርቻለሁ። ይኼ እጅ እንዲሁ ቢቀርስ?

እሑድ፣ ጥር 18

ልጃችን ናኢማ ከሹም አቦ ሰፈር መጣች። የባንክ ሠራተኛ ስለሆነች ነው መሰለኝ ነገር ታጣድፋለች፤ ጫማዋን ሳታወልቅ ካርቶኑን ጠረጴዛ ላይ አኖረች። የዳቦ ማሽን! ነጭ ነው፣ ቁመቱ እንደ ጄሪካን፣ ክዳኑ ላይ ትንሽ መስኮት አለችው። ዱቄት፣ ውሃ፣ እርሾ፣ ዘይት፣ ጨውና ስኳር ከተህ ቁልፉን መጫን ብቻ ነው አለችኝ። ራሱ ይለውሳል፣ ራሱ ያሳርፋል፣ ራሱ ይጋግራል። እኔ ደስ አለኝ። የእማማን እጅ ያሳርፋል ብላ ነው ያመጣችው፣ የኔ ልጅ።

ጦይባ በማሽኑ ዙሪያ አንዴ ዞረች።

"ባልዲ ነው" አለች። "እጅ ያልለወሰውን ዳቦ በጁምዓ ለሰው አልሰጥም። ከፈለግህ ለራስህ ጋግረህ ብላ።"

ከዚያ የሶፋውን ዳንቴል አንስታ አለበሰችው። ናኢማ አኩርፋ ሄደች።

ለራሴ? እሺ። እጋግራለሁ። ናኢማ ስትወጣ መስፈሪያ ኩባያ ሰጥታኝ፣ አባ በዚህ ብቻ ስፈር፣ አደራ ብላኛለች። ሳቅሁባት። ዕድሜ ልኬን ጣውላ በዓይኔ እየለካሁ ጀልባ ያቆምሁ ሰው፣ ለጥቂት እፍኝ ዱቄት ኩባያ?

ሰኞ፣ ጥር 19

በዓይኔ ሰፈርሁ።

ድንጋይ ወጣ። ወላሂ ድንጋይ። ቢላ እምቢ ሲለኝ መጋዝ አመጣሁ። ጦይባ በሩ ላይ ቆማ ታያለች።  ሳቋ እንዳያመልጣት ከንፈሯን ነክሳለች።

ግማሹን ወደ ሥራ ይዤው ሄድሁ። አምባቸው ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየውና ለመልሕቅ ይሆናል፣ ገመድ ብቻ ነው የጎደለው አለ። የጋገርሁት እኔ ነኝ አላልሁትም። ስሜን ጠርቶ፣ ኢስሀቅ ጓዳ ገባ ብሎ ሐይቁን ሙሉ ሊያወራብኝ? ከገበያ ነው አልሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ።

ማክሰኞ፣ ጥር 20

በኩባያ ሰፈርሁ። ሊጡ አማረ። መብራት ሄደ። ዳቦውም አብሮ ሄደ።

ሐሙስ፣ ጥር 22

የዛሬውን እንዴት ብዬ ልጻፈው...

መብራት አለ። ልኩም ትክክል። ማሽኑ ለወሰ፣ አሳረፈ፤ በመስኮቷ ባይ ሊጡ ኩፍ ብሏል። ደስ ብሎኝ በርጩማ ስቤ ተቀመጥሁ። መጋገር ሲጀምር ግን ከክዳኑ እንፋሎት ፉ... ፉ... ይላል። ጎንበስ ብዬ ባየው ቀዳዳ አለው! አዲስ ዕቃ ምን ሆኖ ይበሳል? ካርቶኑ ውስጥ ተጎድቶ ይሆናል አልሁ። ቀዳዳ አይቶ ዝም የሚል ጀልባ ሠሪ ደግሞ አላህ አልፈጠረም። ጥጥ አመጣሁ። ሬንጁን ትቼዋለሁ፣ ያን ያህል ሞኝ አይደለሁም። በንጹሕ ጥጥ በደንብ አድርጌ ጠቀጠቅሁት። እንፋሎቱ ቀጥ አለ። እጄን አራግፌ፣ ኮርቼ ተቀመጥሁ።

ሲያልቅ ክዳኑን ከፈትሁ። ክዳኑ ያዘንባል! ዳቦው መሃሉ ሰምጦ፣ ላዩ ገንፎ ሆኖ፣ ውሃ አቁሯል። ለካ ቀዳዳው መተንፈሻው ኖሯል...

ጦይባ መጣች። ዳቦውን አየች፣ ጥጡን አየች፣ እኔን አየች።

"ጠቀጠቅኸው?"

አዎ አልሁ። ምን ልበል?

ሳቋ አመለጣት። ግድግዳ ይዛ ሳቀች። መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። እንባዋን በፋሻዋ ጠረገች፣ ቀና ብላ ጥጡን ስታይ ደግሞ እንደ አዲስ ጀመራት። እኔም ሳቅሁ። እንዲህ ስትስቅ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ ነው? ዱቄቱ ይበላሽ፣ ምን ቸገረኝ።

ዓርብ፣ ጥር 23

ጦይባ አልጋገረችም፤ የግቢው በር ሳይከፈት ዋለ።

ልጆቹ መጡ። ቆም አሉ። አንኳኩ። ሄዱ። ወለላ በአጥሩ በኩል ምነው ጋሼ፣ ደህና አይደላችሁም እንዴ ብላ ጠየቀችኝ። ደህና ነን አልኋት። ጦይባ ውስጥ ተቀምጣ ፋሻዋን ትነካካለች። ገብቼ አጠገቧ ተቀመጥሁ። 

"ጦይባ አበቃላት ይላሉ" አለችኝ። "ሴት እጇ ከቀረ ምን ቀራት ይሉኛል፣ ኢስሀቅ።"

ማን ነው እንዲህ የሚል ብዬ ልቆጣ ነበር። ተውሁት። ለካ ስትፈራ የከረመችው ይኼንን ነው። የኔ እጅ መጋዝ መያዝ ቢያቅተው ለማን እነግር ነበር? ለአምባቸው? ከሞትሁ በኋላ!

እሑድ፣ ጥር 25

ከሱብሒ ስመለስ ጓዳ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ዳንቴሉ ከማሽኑ ላይ ተነስቷል።

"ዱቄት ስታባክን ዝም ብዬ አላይህም፣ ሐራም ነው። ና" አለች።

እሷ አዘዘች፣ እኔ ታዘዝሁ። ማሽኑ መለወስ ሲጀምር አስቆመችኝና ክዳኑን አስከፈተችኝ። በደህናው እጇ ጣት ሊጡን ነካ አደረገች። ውሃ አንሶታል፣ አንድ ማንኪያ ጨምር አለች። ጨመርሁ። ደግማ ነካችው፤ አሁን እሺ አለ አለችኝ። እኔ ብነካው ያው ሊጥ ነው። ጥቁር አዝሙድም አስነሰነሰችኝ፣ የማሽኑ መመሪያ ላይ የለም። ቀዳዳዋን እንዳልነካ ደግሞ አስማለችኝ።

ወጣ! ቀላ ብሎ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ። ሥሩ ላይ ብቻ የመለወሻዋ ብረት የተወችው ጉድጓድ አለ፤ አይጥ ቀምሶታል አለች ጦይባ። ቆረስሁላት። አኘከች። እኔ አፍ አፏን አያለሁ።

"ዳቦ ነው" አለች።

ከጦይባ አፍ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለናኢማ ወዲያው ደወልሁላት። ልጄ በስልኩ ውስጥ እልል አለችልኝ።

ዳቦው ትንሽ ነው እንጂ። የአንድ ቤት ቁርስ። ለጁምዓ ሰው አፍ ማሟሻ አይሆንም። ከዋዜማው ጀምሬ እያከታተልሁ ብጋግርስ?

ሐሙስ፣ ጥር 29

ሥራ ቀረሁ። ለአምባቸው ወገቤን ይዞኛል ብዬ ላክሁበት። ቀኑን ሙሉ አንዱ ሲወጣ ሌላው ሲገባ ዋለ። ጦይባ ሊጡን ትነካለች፣ እኔ እሰፍራለሁ፣ ባልዲው ይለውሳል። ባልዲው የምንለው አሁን ሁለታችንም ነን። መብራትም አልሄደ፣ አልሐምዱሊላህ።

ዓርብ፣ ጥር 30

በሩ ተከፈተ!

ጦይባ ፋሻዋን በረጅም እጅጌ ሸፍና ዳቦውን አደለች። ልጆቹ ሁለተኛ ዙር ተሰለፉ። ሰው ሁሉ የጦይባ እጅ እኮ፣ የጦይባ እጅ ይላል። እሷ መሬት መሬት ታያለች።

ሰው ሲበተን ለማንም እንዳትናገር፣ እሺ አለችኝ። እሺ አልሁ። ለማንስ ልናገር? አምባቸው ሰምቶ ሊስቅብኝ? ግን ትንሽ ከነከነኝ። ምኑ ነው የከነከነኝ? በዚህ ዕድሜዬ ምስጋና አማረኝ? ኤዲያ!

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ሐኪሟ ጋ ተመለስን። ጣቶቿን በየተራ በመርፌ ጫፍ ነካ እያደረገች ይሰማዎታል፣ ይሰማዎታል እያለች ጠየቀቻት። ሁሉም ይሰማታል። እብጠቱም ጎድሏል። እልፍ ብዬ ፊቴን ጠረግሁ፣ አቧራ ነው። አሁን ወደ ልወሳ ከተመለሱ ግን ቀዶ ጥገና ነው የሚጠብቅዎት አለቻት። ጦይባ ዛሬም እሺ አለች። የዛሬውን እሺታ ልመነው?

ዓርብ፣ የካቲት 7

ሰው ከሌላው ጊዜ በዛ። አምባቸውም ስለ ጀልባው ሊጨቀጭቀኝ መጥቶ ቁራሽ ተቀብሎ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። እትየ ሐፍሳ መጡ። ዓሣ ሲነግዱ ያረጁ ሴት ናቸው፤ የሐይቁ ዳር ሰው ሁሉ ይፈራቸዋል፣ እኔም ጭምር። አንድ ቁራሽ በሉ፣ ሁለተኛ ጠየቁ፣ ከዚያ ሰው ሁሉ እየሰማ እንዲህ አሉ።

"ጦይባ፣ የሂሻም ኒካሕ እሑድ ነው። የልጄ ዳቦ ካንቺ እጅ ውጭ አይሆንም። ነገ እኔ ቤት መጥተሽ ትለውሽልኛለሽ።"

 ያ ሁሉ የሠርግ ሊጥ በየሳፋው ሞልቶ ታየኝ! እሺ ካለች እጇ አበቃለት። እምቢ ካለች ለምን ትባላለች። እሷ ደግሞ እሺ ማለት ይቀላታል። እኔ ልናገር አፌን ከፈትሁ... ቃል ሰጥቻለሁ። ዘጋሁት።

ጦይባ እጅጌዋን ሰበሰበች። ፋሻውን ሁሉም አየው።

"አልችልም፣ እትየ። እጄ ታሟል" አለች። ዳቦውን በጣቷ አሳየች። "ይኼን ዳቦ እኔ አልለወስሁትም። የባለፈው ጁምዓም የኔ አይደለም። የጋገረው ኢስሀቅ ነው።"

 አምባቸው እያኘከ ቆመ። ወገብህን ያልኸኝ ለዚህ ነው የሚል ዓይን አየሁበት። ወለላ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እኔ መሬቱ ቢውጠኝ በወደድሁ።

እትየ ሐፍሳ የጦይባን እጅ ተቀብለው አገላብጠው አዩ። እኔን፣ እኔን አሉ። ይኼን ይዘሽ ነው ስታበይን የከረምሽው ብለው ተቆጧት፤ እየተቆጡ አቀፏት። ልጆቹ የጋሽ ኢስሀቅን ዳቦ ጨምሩን ማለት ጀመሩ። አበቃላት ያለ ሰው አልሰማሁም። ጦይባ በሴትዮዋ ትከሻ ላይ አለቀሰች፣ ሸክም እንዳወረደ ሰው።

ከዚያ እትየ ሐፍሳ ወደኔ ዞሩ። የእሑዱን አንተ ትጋግራለህ፣ ባልዲህን ይዘህ ና አሉ። ልመና አይደለም፣ ትእዛዝ ነው። አምባቸው ከት ብሎ ሳቀ፤ እሳቸው ዞር ብለው ሲያዩት እሱም ዱቄት ተሸክሞ ሊመጣ ተስማማ። የቀረውን ቁራሽ በመሐረባቸው ጠቅልለው ሊወጡ ተነሱና አጠገቤ ሲደርሱ ቆሙ።

"እጅህ ይባረክ" አሉኝ።

ስድሳ ዓመት አልፎኛል። ጀልባዬን ጎበዝ ያለ ሞልቷል፣ ረግሞኝ የሄደም አለ። ይኼን ግን ማንም ብሎኝ አያውቅም። የሴቶች ብቻ ይመስለኝ ነበር። ምን ተብሎ እንደሚመለስ ጠፋብኝ።

ጦይባ በፋሻዋ ጎኔን ነካ አደረገችኝ።

"አሚን በል እንጂ" አለች።

አሚን አልሁ።