ተዘጋጅቶ የተቀመጠ መልስ

ይድረስ ለምወድሽ እታለም ዜማ፣ ቤይሩት።

ለጤናሽ እንዴት ከርመሻል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። እማዬም ጤፏን አስወቅታለች።

እኔ እዚሁ ማርቆስ ከተማ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ፣ በኢንተርኔት ለሚነግዱ ሰዎች የደንበኞቻቸውን ጥያቄ እመልሳለሁ። ሥራው ያቅለሸልሻል። አንዷ የተቀደደ ጫማ ደርሷት ስትማረር፣ «ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን» የሚል ተዘጋጅቶ የተቀመጠ መልስ እለጥፍላታለሁ። ሻጩ ቅሬታዋን አላነበበው፤ እኔም አላዘንኩላት። ቱ! ይሄም ሥራ ተብሎ!

ያንቺ መልእክት ከፋሲካ ወዲህ ሁልጊዜ «ደህና ነኝ፣ አታስቡ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው» ይላል፤ አንዲት ቃል አልተለወጠችም። እማዬ ሳነብላት «ተመስገን» ትላለች። እኔ ግን ማንበቡ አስጠልቶኛል።

እባክሽ እታለም፣ ከእንግዲህ አትጻፊልን። ደውለሽ እንደ ድሮው ስደቢኝ።

ባለሽበት እመቤቴ ትከተልሽ።

ስድብሽ የናፈቀው ታናሽ ወንድምሽ፣ ገዳሙ