ለታፈረ ያነበብኩለት ወረቀት

እታለም ውበቴ፣ ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? የእማማ ዓይንስ? ወደዚህ የምትመጡበት ጉዳይ ከምን ደረሰ? እኔ ደህና ነኝ፤ አርግዤ አምስተኛ ወሬን ይዣለሁ። በስልክ ያልነገርኩሽ ቤቱ ጠባብ ስለሆነና ታፈረ ስለሚሰማ ነው።

ሲያገባኝ ከሟች ሚስቱ አምስት ልጆች እንዳሉት ታውቂያለሽ። አንድ እንድወልድለት ተስማምተን ነበር። በመጋቢት ግን ሳያማክረኝ የዘር መተላለፊያውን አስቆርጦ መጣ። «አምስቱ ይበቁኛል፤ አንቺም እነሱን አሳድጊ» አለኝ። እግሩን ከፍቶ እየተራመደ ሶፋው ላይ ሲጋደም በረዶ አመጣሁለት።

ሐኪሙ ከሦስት ወር በኋላ ዘሩን በብልቃጥ አምጥቶ እንዲያስመረምር፣ እስከዚያም እንዲጠነቀቅ ነግሮታል። በሰኔ ወስዶ ሰጠ፤ ውጤቱ በፖስታ መጣ። ታፈረ ዕብራይስጥ አያነብም። ኡልፓን የሚሉት የቋንቋ ትምህርት ቤት ገብቼ የተማርኩት እኔ ስለሆንኩ የመብራቱንም የትምህርት ቤቱንም ደብዳቤ የማነብለት እኔ ነኝ። ወረቀቱ «ሕይወት ያለው ዘር አሁንም ይታያል፤ ተጠንቀቅ፣ ምርመራውን ድገም» ይላል። እኔ «ንጹሕ ነህ፣ ምንም አልተገኘም» ብዬ አነበብኩለት። «ቤሰደር፣ እሺ፣ አስቀምጪው» ብሎ መለሰልኝ። አስቀመጥኩት።

ሆዴ ሲታወቅ የባየህ ነው አለ። ባየህ ቧንቧ የጠገነልን የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን ነው። በጥፊ መታኝ፤ ደረጃው ላይ ቆሞ ሰው እየሰማ ሸርሙጣ አለኝ። በጥቅምት ሦስት ሽማግሎች ጠርቶ ሳሎን አስቀመጠ። አላቋረጥኩትም። መቆረጡን፣ ንጹሕ መባሉን፣ ሁሉንም በገዛ አፉ ተናገረ። ሲጨርስ ወረቀቱን ከመሳቢያ አውጥቼ ከሽማግሎቹ ዕብራይስጥ ለሚያነቡት ለአባ ውዱ ሰጠኋቸው። ሁለት ጊዜ አነበቡትና «አንተ ታፈረ፣ ኮላሸሁት ያልከው ወይፈን ዛሬም ላም ያባርራል እኮ!» ብለው ሳቁ። ሌሎቹም ሳቁ። እሱ ምንጣፉን ያይ ነበር።

ሲሄዱ ለምን እንደዋሸሁት ጠየቀኝ። አንተስ ስትቆረጥ ጠየቅኸኝ ወይ አልኩት።

እንደገና ተመርምሮ ሁለተኛው ወረቀት ትናንት መጣ። ከዚያ ሳቅ በኋላ ለሰው ማሳየት አይሆንለትም፤ ለልጆቹማ ጭራሽ። ለእኔው ሰጠኝና በሞቱት በአባታችን ስም እውነቱን እንድነግረው ለመነኝ። ወረቀቱ ዘር የሚባል አልታየም ይላል። ንጹሕ ነህ ብዬው ቢሆን አያምነኝም ነበር። «አሁንም አለ፣ ድገም ይላሉ» አልኩት። ይህንን አመነኝ። ግንባሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ቆመ። ከወለድኩ በኋላ እንዳይደገም ፈርቶ ከአሁኑ ሳሎን ይተኛል፤ እሑድ ደግሞ ብልቃጡን በጃኬቱ ደብቆ በአውቶቡስ ይሄዳል።

እንግዲህ ከዚህ ሌላ አልወልድም። ለእማማ አትንገሪያቸው፤ ሁለተኛውንም ስጣት እያሉ ይመርቁኝ።

የእማማን ጉልበት ሳሚልኝ። ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ። ልጅሽን ፍሬህይወትን ትምህርቷን እንዳትተው ንገሪያት፤ ትንሹንም ጉንጩን ሳሚልኝ። ይህን ደብዳቤ ራስሽ አንብቢው። ፊደሉ ቢከብድሽ ቀስ በይ እንጂ፣ ለሚያነብልሽ ሰው አትስጪ።

እህትሽ ማንአለብሽ
ሐይፋ፣ ክርያት ሐይም
ኅዳር 12 ቀን 2007 ዓ.ም.