ወንድሜ የሚጎትተው ሸራ

ማክሰኞ

እማዬ ዛሬም ምሳ አልበላችም። ወንድሜ ታምራት ሊሄድ ነው ብላ። ቤታችን ውስጥ ባሕር የሚለው ቃል ከተነሳ ወዲህ አኩርፋለች። አልፈርድባትም። የጎረቤታችን ልጅ በባሕር እሻገራለሁ ብሎ እንደወጣ ቀርቷል፤ እናቱ እስካሁን ስልክ በጮኸ ቁጥር ብድግ ትላለች።

የታምራት ግን ሥራ ነው። ደቡብ አፍሪካ፣ ኬፕታውን ያለው ሱቁ ሲዘረፍበት ወደብ ወርዶ ጀልባ ማጠብ ጀመረ። ከዚያ ለውድድር በሚወጡት ትልልቅ አሮጌ የሸራ ጀልባዎች ላይ ገመድ ሳቢ አድርገው ቀጠሩት። አሁን፣ አገር ቤት ከገባ በኋላ፣ አለቃው ደውሎ ተመለስ ብሎታል። ቪዛው ከተገኘ።

ዛሬ ሱቄ መጥቶ ቪዲዮ አሳየኝ። የጭነት መኪና ሸራ ስሰፋ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ ሸራ ግን በሕልሜም አላየሁ። የመናኸሪያውን ግቢ ያለብሳል። ጀልባው ወደ ጎን አጋድሎ፣ ጠርዙ ውኃውን እየላሰ ይበራል። ሞተር የለውም። ነፋስ ብቻ። አፌን ከፍቼ ደጋግሜ አየሁት፣ ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀኝ።

ረቡዕ

ሸራው እንዴት ነው የሚወጣው አልኩት። ጠመኔዬን አንስቶ የመቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ ሳለልኝ። ሸራው አራት ማዕዘን ነው። አንዱ ጎን በቀለበቶች ምሰሶውን ይይዛል፤ የላይኛው ጠርዝ ረጅም አግዳሚ እንጨት ላይ ይታሰራል። የሚያነሱት ገመዶች ሁለት ናቸው፤ አንዱ የአግዳሚውን የምሰሶ በኩል ጫፍ ያነሳል፣ ሌላው የውጭውን ጫፍ። ሁለቱ ወገን እኩል መሳብ አለበት። አንዱ ከቀደመ እንጨቱ ምሰሶው ላይ ይነክሳል። ከላይ ሲደርስ የመጀመሪያው ገመድ ይታሰርና የውጭው ጫፍ ወደ ሰማይ ቀና እስኪል ይሳባል።

ከመጣ ጀምሮ እንዲህ ሲያወራ አልሰማሁትም። እጁ ሁሉ ይናገር ነበር።

እማዬ ብታየው ብዬ አሰብኩ። የስልኩን ቪዲዮ አይደለም፤ ሸራው በእውን ሲወጣ። ልስፋልህ አልኩት። መጀመሪያ ሳቀ።

ሐሙስ

ከድር፣ የድሮ ደንበኛችን፣ የጭነት መኪናውን አሮጌ ሸራ ሰጠን። ከባድ ነው፣ ግን ይሁን። ታምራት ጠርዙን ትንሽ አጎብጠሽ ቁረጪ፣ ነፋስ ሲገባበት ሆድ ያወጣል አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ዝርግ ስሰፋ ኖሬ፣ መቀሱን በቅስት ለመንዳት እጄ ፈራ። መርፌ ሰበርኩ። ቀለበቶቹን ከቀርከሃ አጎበጥናቸው።

እማዬ ምንድን ነው አለች። ሸራ አልኳት። ውሸት አይደለም።

ቅዳሜ

ከሰፈሩ ጀርባ ያለው ሜዳ ላይ ወፍራም የባሕር ዛፍ ግንድ ምሰሶ አድርገን ተክለን በገመድ ወጠርነው። የጉድጓድ ውኃ መሳቢያ መዘውሮች ጫፉ ላይ አሰርን። የሰፈር ሰው በሁለት መስመር ተሰለፈ። ታምራት ገመዱን እጃችሁ ላይ እንዳትጠመጥሙ ብሎ ለመነ፤ ነፋስ ከነጠቀው ጣት ይወስዳል።

መጀመሪያ አልሆነም። የከድር ወገን ቀደመና አግዳሚው ተጣሞ ነከሰ። አወረድነው። ታምራት አልተቆጣም፤ ድምፅ ላውጣላችሁ፣ በድምፄ ሳቡ አለ። ሁለተኛው እኩል ወጣ። የውጭው ጫፍ ቀና፣ ቀና አለ፣ ከዚያ ነፋሱ ገባበት።

ያንን እንዴት እጽፈዋለሁ። ሸራው እየተርገበገበ እንደ ነጎድጓድ አስገመገመ፣ ከዚያ ድንገት ዝም አለና ሞላ። እኔ የቆረጥኩት ቅስት ሆድ አወጣ። ምሰሶው አቃሰተ። ሊሰበር ነው ስል ታምራት ከሸራው የታች ጥግ የታሰረውን ገመድ ላላ አደረገው፣ ሸራው ረገበ፤ መልሶ ሳበው፣ ሞላ። ያን ሁሉ ነፋስ በአንድ ገመድ ያናግረዋል። ሜዳው ሁሉ አንጋጦ ያያል።

እማዬ መምጣቷን ያየሁት ያኔ ነው። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማለች። ካወረድነው በኋላ ወደ ታምራት ሄዳ በቋንቋችን በሀዲይሳ ጠየቀችው፦ «እዚያ ስትጎትት ከጎንህ ማን ይቆማል?»

ነገራት። ከፊት ለፊቱ እየዘፈነ የሚጎትት የማላዊ ሰው አለ። ከኋላው በጀልባ ላይ ያረጀች ሴትዮ። ወጥ ሠሪው ሳይቀር ድስቱን ጥሎ ይወጣል።

«አንዱ ውኃ ውስጥ ቢወድቅስ?»

«ሸራውን ለቀን እንመለሳለን እማዬ። ውድድሩ ይቅር እንላለን። አንድ ጊዜ ለእኔ ተመልሰዋል።»

መውደቁን እኔም አላውቅም ነበር። እማዬ የተላጠ መዳፉን ይዛ ገልብጣ አየችው።

እሑድ

ይሂድ አላለችም። አይሂድ አላለችም። ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ግን ሸሚዞቹን አጥባ አሰጣች።

ማክሰኞ

ሰኞ ማለዳ ከመናኸሪያ ሸኘሁት። ዛሬ ከአዲስ አበባ ደወለ፦ ኤምባሲው ፓስፖርቱን ተቀብሎታል፣ የቪዛውን መልስ ጠብቅ ብለውታል። እስከ መቼ እንደሆነ አልነገሩትም። ድምፁ ፈርቷል።

ለእማዬ ነገርኳት። ይህ ነገር ከተነሳ ጀምሮ «አንቺና እሱ» ነበር የምትለው፤ አንቺና እሱ ታውቃላችሁ፣ አንቺና እሱ የፈለጋችሁትን አድርጉ። ዛሬ የምትለቅመውን ምስር ወደ ጎን ገፋ አድርጋ፣ «እንግዲህ እንጠብቃለን» አለች።